ከአድ ሃሎም ድልድይ እስከ ኡም ራኩባ፦ በአሽዶድ፣ በመታሰቢያው ዋዜማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና እናቶች፤ ውድ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ነገ በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ያለቁትን የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ወገኖቻችንን እናስባለን። አውቶቡሶቹ ማለዳ ስለሚነሱ ንግግሬን አላስረዝምም፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያስረዝም ግን አትስቱትም። ዓመቶቹን ልጆቻችን በትምህርት ቤት በለመዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የዚህች አገር ታሪክ ሲጻፍ፣ ከተበተኑበት መጥተው ያቋቋሟት ሰዎች በአንድ መዝገብ ሰፍረዋል፤ እኛ በሌላ መዝገብ። እነሱ ሠሪዎች ናቸው፤ እኛ ተረጂዎች ነን። እነሱ ገንዘብ፣ እውቀትና ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ እኛ በአውሮፕላን ተጭነን ደረስን። ዛሬ ማታ እዚህ የቆምሁት ይህን አመዳደብ ልሞግት ነው። የምሞግተው የእነሱን ሥራ በማሳነስ አይደለም። እንዲያውም የእነሱን ሥራ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የእኛንም ለይቶ ያውቃል።

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። አብዛኞቻችን በመኪና አድ ሃሎም ድልድይን ሳናስተውል እናልፈዋለን። ሜይ 29 ቀን 1948 የግብፅ ጦር ከደቡብ ገስግሶ እዚያ ደርሶ ነበር። ከቴል አቪቭ የሚለየው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንግሥት ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። አገሪቱ ለዚያ ቀን ያሰለፈቻቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች አራት ሲሆኑ፣ እነሱም ከቼኮዝሎቫኪያ ተፈታትተው፣ በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ገብተው፣ እዚህ የተገጣጠሙ ናቸው። ለሙከራ እንኳ አልበረሩም፤ መትረየሳቸው ይሥራ አይሥራ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ንድፋቸው ደግሞ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ነው። አይሁድን ሊያጠፋ የተነሣ መንግሥት የተመካበት አውሮፕላን ዞሮ የአይሁድ መከታ ሆነ ማለት ነው።

ከአራቱ አብራሪዎች ሁለቱ፣ ሞዲ አሎንና ኤዘር ዋይዝማን፣ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ሦስተኛው ሉ ሌናርት በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ያደገ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ማሪን ጦር አብራሪ ሆኖ ተዋግቷል። አራተኛው ኤዲ ኮኸን ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ኤዲ ኮኸን ከዚያ በረራ አልተመለሰም። ያወረዱት ቦምብ በግብፅ ጦር ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን እስራኤል ተዋጊ አውሮፕላን የላትም ብሎ የመጣ ሠራዊት ደነገጠ፤ ከድልድዩም ወደ ሰሜን አልተሻገረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በዚያው ጦርነት፣ በዚሁ አካባቢ የነበረችው የኢስዱድ መንደር የአረብ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰድደዋል። ስደት ምን እንደሆነ ለእኛ አስረጂ አያስፈልገንም። የራሳችንን ታሪክ ስናከብር የሌላውን ሐዘን መሸፈን ግዴታ አይደለም።

እንደ ሌናርትና እንደ ኮኸን ከባሕር ማዶ መጥተው በ1948 የተዋጉት በጎ ፈቃደኞች ከ3,500 በላይ ነበሩ፤ ማሓል ይባላሉ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከኋላቸው ደግሞ ተኩስ ሳይተኩሱ የተዋጉ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ አል ሽዊመር የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ የበረራ መሐንዲስ ነው። ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ አውሮፕላኖችን እየገዛ፣ የአገሩን ሕግ እየጣሰ፣ በስውር አሻገረ። በ1950 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ 10,000 ዶላር ተቀጣ፤ የዜግነት መብቱንም ተነጠቀ። ምሕረት የተደረገለት በ2001 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ይቅርታ ሳይለምን ኖረ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ግትርነት እኛ ዘንድም አይጠፋም። እስከዚያው ሥራ አልፈታም፤ በሎድ የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት አቋቁሞ፣ ያ ድርጅት ዛሬ የአገሪቱ ግዙፍ የአየርና የጠፈር ኢንዱስትሪ ሆኗል። ቻርሊ ዊንተርስ የተባለው ባልደረባው በዚሁ ጉዳይ ታስሯል፤ እሱማ አይሁዳዊም አልነበረም።

ስለ ባለጸጋው ባሮን ሮትሺልድ ገንዘብና ስለ ሪሾን ለጺዮን የወይን እርሻ፣ በ1882 ከሩሲያ ስለመጡት ወጣቶች ልጆቻችን በሚገባ ስለሚማሩ አላተኩርበትም። ይልቅስ በዚያው ዓመት ግድም ከየመን ተነሥተው፣ ገሚሱን መንገድ በእግራቸው ኢየሩሳሌም የደረሱትን ቤተሰቦች አስቡ። ማንም ገንዘብ አልላከላቸውም። በሲልዋን መንደር አጠገብ በድህነት ኖረው ለከተማይቱ ግንበኞችና አንጥረኞች ሆኑላት።

ከዚያም ሃያ ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። በ1862 አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ቤተ እስራኤልን አስከትለው ከጎንደር አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈላል ብለው ነበር። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረኀብና በሽታ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ተመለሱ። ጉዞው አልተሳካም፤ አሳምሬ አልነግራችሁም። ሆኖም ሕዝብ አንድ ላይ ተነሥቶ ወደ ጽዮን እንዲሄድ ከአውሮፓ ደብዳቤ የጻፈልን እንዳልነበረ ልብ በሉ።

ቀጥሎ የመጡት የብዕር ሰዎች ናቸው። ወለቃ የተወለዱት አቶ ዮና ቦጋለ በልጅነታቸው ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም አውሮፓ ተምረው ተመለሱ፤ ዕድሜያቸውን በማስተማርና ለዓለም አይሁድ ደብዳቤ በመጻፍ ጨረሱ። በ1979 በሞንትሪያል በተደረገው የሰሜን አሜሪካ አይሁድ ጉባኤ ቆመው ሕዝባቸው እየጠፋ መሆኑን ተናገሩ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ፤ የታሰበው ተመልሰው መምህራን እንዲሆኑ ነበር። ዕብራይስጥ ወደ መንደሮቻችን እንዲደርስ ትልቁን ድርሻ የተወጡት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ፈረደ አክሉም የትግራይ ሰው፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ቀደም ሲል ጥቂት ወገኖቻችንን ወደ እስራኤል ያመጣው የኢትዮጵያና የእስራኤል መንግሥታት ምስጢራዊ ስምምነት በ1978 መጀመሪያ ከፈረሰ በኋላ፣ በግልጽ መውጫ መንገድ አልነበረም። ፈረደ በፖለቲካ ተፈልጎ ወደ ሱዳን ሸሸ። ካርቱም ገብቶ እርዱን እያለ ለድርጅቶች ጻፈ። ከእነዚያ መልእክቶች አንዱ እስራኤል ደረሰ፤ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰው ልኮ ፈለገው፤ አገኘው። ልብ በሉ፤ በሩን ያንኳኳው ፈረደ ነው፤ እነሱ ከፈቱለት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው የሱዳንን የስደተኛ ጣቢያዎች ዞሩ፤ ፈረደም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው መንገድ በሱዳን በኩል መሆኑን ለዘመድ ወዳጅ አገር ቤት ጻፈ። ከዚያ መልእክት በኋላ መንደሮች ተነሡ።

እዚህ ከተቀመጡት እናቶች መካከል የተነሡበትን ሌሊት የሚያስታውሱ አሉ። አህያው ላይ ምን እንደተጫነ፣ ለጎረቤት ምን እንደተዋሸ፣ ሽፍታው የትኛው ወንዝ ላይ እንደጠበቀ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉና እሱን ለእነሱ እተዋለሁ።

እኔ የምናገረው ስለ ኮሚቴዎቹ ነው። በገዳሪፍና በኡም ራኩባ ጣቢያዎች ከመካከላችን የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሃያዎቹን ዕድሜ በቅጡ ያልጀመሩ። ሥራቸው ስም መዝግቦ መያዝ፣ በስውር የመጣውን ገንዘብ ለየቤተሰቡ ማካፈል፣ የታመመ ሐኪም ዘንድ ማድረስ፣ በመጨረሻም ዛሬ ሌሊት የሚሄደው ማን እንደሆነ መወሰን ነበር። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አይሁድ መሆናቸው ሳይታወቅ፣ ከተያዙ የሱዳን ደኅንነት የሚጠብቃቸው መሆኑን እያወቁ ነው። የተያዙና የተገረፉ አሉ። እናት ልጇን ይዛ እየለመነች፣ ቦታው የሞላ መሆኑን የሚነግራት የኮሚቴው ልጅ ነው።

ደግሞ ቀብሩ አለ። አስከሬን የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደር ውጭ ተለይቶ በሚቆይበት ሕግ ያደገ ሕዝብ፣ በ1984 ክረምት በየቀኑ ሬሳ ይቀብር ነበር። ሰባት ቀን የሚቆጠርበት ፋታ፣ ተለይቶ የሚቆይበት ጎጆ ከየት ይምጣ? ቀብረው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። በዚያ መንገድና በጣቢያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ የሙሴ ዘመቻ አውሮፕላኖች ከካርቱም በብራስልስ በኩል ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎችን አመጡ። አብራሪዎቹን፣ ሾፌሮቹን፣ ገንዘብ ያዋጡትን የአሜሪካ አይሁድ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይሁንና አውሮፕላን የሚጭነው እስከ በሩ የደረሰ ሰው ሲያገኝ ነው። እስከ በሩ ያደረሱት እግርና ኮሚቴ ናቸው። ኤዲ ኮኸን ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ለአገሪቱ ሕይወቱን የሰጠ ሠሪ ከተባለ፣ በኡም ራኩባ መዝገብ ይዞ ወባ የገደለው ወጣት ምን ሊባል ነው?

ሥራው እስራኤል፣ ሎድ አየር ማረፊያ ሲደርሱም አላለቀም። በ1985 አይሁድነታችሁን በአይሁድ ሥርዓት ውኃ ውስጥ በመጥለቅ አድሱ የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ገና ዕብራይስጥ በቅጡ ያልለመዱ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከዋና ራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀመጡ። የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል የሆነውን ስግድን ክነሴት (የአገሪቱ ምክር ቤት) በ2008 የአገር በዓል አድርጎ ሲያጸድቀው፣ ማንም በስጦታ አልሰጠንም፤ ቄሶቻችን በየዓመቱ ኦሪት ተሸክመው ኢየሩሳሌም እየወጡ ያጸኑት ነው። አገር በጡብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዛሬም ግንብ ላይ የሚውሉት ልጆቻችን በቂ ነበሩ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የማሓል ተዋጊዎች ስም ተሰብስቦ፣ ተጽፎ ተቀምጧል። የኮሚቴዎቻችን ስም ግን በአብዛኛው በእናንተ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ልጆቻቸው አባታቸው ምን እንደሠራ የማያውቁም አሉ፤ ምስጢር መጠበቅ የለመደ ሰው ቤቱም ውስጥ አይናገርምና። በአዳራሹ በር አጠገብ ሁለት ተማሪዎች ደብተርና መቅጃ ይዘው ተቀምጠዋል። ስትወጡ የኮሚቴያችሁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የነበረበትን ጣቢያ ንገሯቸው። በሕይወት ያለ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቀን እንመዘግባለን። ለነገው ጉዞ የመጀመሪያው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ላይ ከዚሁ ይነሣል። አመሰግናለሁ።