ሰርቭ ከወገብ ሲነሳ

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የሜዳ ቴኒስ ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀመርበት ምት ነው ርዕሳችን። ሰውነት እንዴት ዞሮ ኳሷን እንደሚመታ...

ሰላም፦ የድሮውን ቴኒስ ተጫዋች ጆን ማክኤንሮን ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የምታመጣው?

ሄኖክ፦ አሁኑኑ! (ሳቅ) እስቲ አቋቋሙን አስቢው። ግራኝ ነው። ሁለት እግሮቹ ከሜዳው የኋላ መስመር ጋር ትይዩ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ ጎንበስ ይላል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከዛ ያ ሁሉ ጥምዝ በአንዴ ይፈታል።

ሰላም፦ ቆይ፣ ጀርባ መስጠቱ ምን ይጠቅመዋል?

ሄኖክ፦ ትከሻው አስቀድሞ ዞሯላ! ወደፊት ሲመለስ ኃይል የሚያጠራቅምበት መንገድ አለው። ደግሞ መላሹ ኳሷ ወዴት እንደምትመጣ ቶሎ አይገባውም። በሜዳው ግራ በኩል ቆሞ ሲመታማ ኳሷ ወደ ውጭ እየጠመዘዘች መላሹን ይዛው ትወጣለች። እሱ እስኪመለስ ማክኤንሮ መረቡ ጋ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1984 82 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ እኮ! የዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ተጋጣሚውን ጂሚ ኮነርስን 6-1፣ 6-1፣ 6-2!

ሰላም፦ እሺ፣ ታዲያ ሁሉም ሰው እንደሱ ይቁም?

ሄኖክ፦ የለም፣ የለም። አዙሪቱን ነው የምንወስደው። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ አይተሻል አይደል? እጅ ቆም ይላል፣ ጫፉ ይጮሃል። ሰርቭም እንደዛ ነው። ጉልበት ታጥፎ መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ነው። ክንድ ከቀደመ አለቀ፤ ትከሻ ነው የሚታመመው።

ሰላም፦ እኔ ግን አሁንም ቁመት ነው ባይ ነኝ። ቴኒስ ተጫዋቹ ጆን ኢስነር 2 ሜትር ከ8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሮች ውድድር፣ በዴቪስ ካፕ ላይ በሰዓት 253 ኪሎ ሜትር መታ።

ሄኖክ፦ አንዲ ሮዲክስ? 1 ሜትር ከ88 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እዛው ዴቪስ ካፕ ላይ 249 መታ። በ20 ሳንቲም አጥሮ በፍጥነት ያነሰው 4 ብቻ!

ሰላም፦ ፍጥነት ብቻ አይደለማ። ረጅም ሰው ከላይ ወደ ታች ሲመታ መረቡ አያስቸግረውም።

ሄኖክ፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን አሰልጣኝ ቁመት አይጨምርልሽም፤ መዞር ግን ያስተምርሻል።

ሰላም፦ ሁለቱም ያለው ሰውስ?

ሄኖክ፦ እሱማ ይፈራል! (ሳቅ) ብቻ ወደ ዋናው ልመለስ። ትከሻው ወደ ጎን ብቻ አይደለም የሚዞረው። ኳስ የወረወረው እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚመታው ትከሻ ዝቅ ይላል። ሲመታ ይገለበጣል፦ የታችኛው ከላይ፣ የላይኛው ከታች።

ሰላም፦ ጀማሪ ሰው ከየት ይጀምር?

ሄኖክ፦ ከግራ እጁ። ኳሷን ከወረወረ በኋላ ቶሎ አያውርደው። ቶሎ ከወረደ ደረቱ ጊዜው ሳይደርስ ይከፈታል፣ ኳሷ መረብ ላይ ናት። ትንሽ ከቆየ በኋላ ሆዱ ጋ ሰብሰብ ያድርገው፤ ያኔ የቀኙ ትከሻ ራሱ ይመጣል።

ሰላም፦ ግራኝ ከሆነስ?

ሄኖክ፦ ቀኙን ነዋ።