ሳይንስና የሰው ዓይን፦ በኤድዋርድ ዘመን ስለሚተረኩ የግድያ ምርመራ ልቦለዶች

የተከበራችሁ የመጻሕፍት ወዳጆች፤

ዛሬ የምናገረው ታሪካቸው በእንግሊዝ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን ስለሚፈጸም፣ መንፈስን ዘና እያደረጉ ስለሚነበቡ የግድያ ምርመራ ልቦለዶች ነው። ንጉሡ የነገሡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1901 እስከ 1910 ሲሆን፣ ብዙዎች ዘመኑን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ፣ እስከ 1914 ያደርሱታል። ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ ዘመን አይደለም፤ ራስ መኮንን በ1902 ለእኚሁ ንጉሥ የዘውድ በዓል ለንደን ድረስ ተጉዘው ነበር።

በእነዚህ መጻሕፍት ሟቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠየቅ፣ ማዳመጥና ማስታወስ ነው። የሻይ ገበታው፣ ረጅሙ ቀሚስና ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ዓይን እንደሚስቡ አልክድም። አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞ የሚያቆየው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ዘመኑ ሳይንስ ወንጀለኛን ማደን የጀመረበት ሆኖ ሳለ የሰውን አስተዋይነት ገና ያልተካበት መሆኑ ነው።

ለዚህ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ልጥቀስ። በመጋቢት ወር 1905፣ በለንደን ዴትፎርድ ሰፈር ቀለም የሚሸጥበትን ሱቅ የሚያስተዳድሩት አረጋዊው ቶማስ ፋሮው ተደብድበው ሞተው ተገኙ፤ ባለቤታቸው አን ፋሮውም ከቀናት በኋላ አረፉ። በተዘረፈው የገንዘብ ሣጥን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ይሁንና የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ስኮትላንድ ያርድ የአሻራ ክፍሉን ካቋቋመ ገና አራት ዓመት ስላልሞላው፣ አሻራው በመዝገብ ካሉት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ከሱቁ ሲወጡ ሁለት ሰዎችን ያዩት ወተት አዳዮችም ቆይተው መለየት አልቻሉም። የአልፍሬድ ስትራተን ስም የወጣው፣ በዚያ ማለዳ ሲሮጥ አይታ ካወቀችው ከአንዲት ሴት ነው፤ ወዳጁ የነበረችውም ቡናማ ጫማውን ጥቁር ቀለም እንደቀባው ተናገረች። አሻራው ከእርሱ አውራ ጣት ጋር ገጠመ፤ እርሱና ወንድሙ አልበርትም በብሪታንያ በአሻራ ማስረጃ በግድያ የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ።

ሲሮጥ አይታ ያወቀችውና ጫማው ቀለም መለወጡን ያስተዋለችው ሁለት ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ ያ አሻራ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቀር ይችል ነበር። ደራሲዎቹም የሚሠሩት በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። በለንደን ፖስታ በቀን ብዙ ጊዜ ይታደል ስለነበር ደብዳቤ ጠዋት ተጽፎ በዚያው ዕለት መልስ ያገኛል፤ ባቡሩ ሰዓቱን ስለሚያከብር «በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ነበርኩ» የሚል ሰው ቃል በባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ይመረመራል። በትልቁ ቤት ደግሞ ማለዳ ምድጃ የምታነድደው ሠራተኛ፣ የትኛው አልጋ እንዳልተተኛበትና በአመዱ ውስጥ የተቃጠለ ወረቀት እንዳለ ከጌቶቿ ሁሉ ቀድማ ታያለች። ያኔ በፖሊስነት የሚቀጠሩት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ በፓርላማ ምርጫ የመምረጥ መብት ያልነበራት ሴት እውነቱን ስታወጣው ማየትም ለአንባቢ ትልቅ እርካታ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ልቦለዶች ገዳዩ ሲያዝ ያበቃሉ፤ በዚያ ዘመን ግን ለግድያ የሚሰጠው ፍርድ ስቅላት ነበር። የስትራተን ወንድማማቾች ከተፈረደባቸው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተሰቀሉ፤ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ሥራ የጀመረው በ1908 ነው። ስለዚህ ከዚህ ዘርፍ መጀመር ለምትፈልጉ የምመክራችሁ፣ ሠራተኛዋ የራሷ ስምና ሐሳብ ያላትን፣ መርማሪውም «ገዳዩ እርሱ ነው» ብሎ ከመናገሩ በፊት ቃሉ ሰውን ወደ ገመድ እንደሚወስድ የሚያስብበትን መጽሐፍ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።