ከውፍረቱ በፊት ማሰሪያውን እዩ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመንገድ ወዳጆች!

ዛሬ የማወራላችሁ ስኪድ ፕሌት ስለምንለው የመኪና የታች መከላከያ ነው። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ስንት ሚሊ ላስገጥም?» ጥያቄው ክፉ አይደለም። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። የት ነው የሚታሰረው? ምን ይሸፍናል? ምንስ ያፍናል?

እስቲ መኪናው ስር እንግባ። ከፊት ራዲያተሩ አለ። ቀጥሎ የሞተሩን ዘይት የያዘው ካርተር ይመጣል። ካርተር ከላሜራ ወይም ከአልሙኒየም ይሠራል። ላሜራው ሲመታ ይሰረጎዳል፤ አልሙኒየሙ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚያው የዘይት መፍሰሻው ታፖ አለ። ድንጋይ አንዴ ፈግፍጎት ካለፈ ጠርዞቹ ይላጫሉ፣ ቁልፍ አይዝም። ሲብስበት ዙሪያው ይሰነጠቅና ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሹፌሩ መቼ ያየዋል? የዘይት መብራቱ ሲበራ ነው የሚነቃው። ያኔ ሞተሩን ወዲያው ያላጠፋ ሰው ጉዱ ፈላ። የዘይት ግፊት ያጣ ሞተር ብዙ አይታገስም። ብረት ከብረት ይፋጭና ይነክሳል።

ከሞተሩ ወደ ኋላ ካምቢዮው አለ፣ ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈሩ አለ፣ የነዳጅ ታንኩ አለ። ሰው ሁሉ ሞተሩን ይሸፍንና እነዚህን ይረሳቸዋል።

«ከፋብሪካው የመጣ አለልኝ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለ። ግን ብዙዎቹ ጭቃና ውሃ እንዲመልሱ የተሠሩ ፕላስቲክ ወይም ስስ ላሜራ ናቸው። እንደ ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ያሉት ለነዳጅ ታንኩና ለትራንስፈሩ ከፋብሪካው መከላከያ ይዘው ይመጣሉ። የሁሉም መኪና እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ስር ገብታችሁ በእጃችሁ ግፉት። በእጅ የሚጣጠፍ ነገር የመኪና ክብደት ድንጋይ ላይ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

ወደ ሚሊው እንምጣ። 4 ሚሊ ብረት በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 6 ሚሊ አልሙኒየም ደግሞ 16 ኪሎ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ወፍራም ይሁንልኝ» ብሎ ከራዲያተር እስከ ታንክ በወፍራም ብረት የሚለብጥ ሰው የፊት ሞላውን ይጫነዋል። መኪናው ዝቅ ይላል። ከፍ ያለ መኪና የገዛው ከድንጋይ ለመራቅ ነበር፤ አሁን በገዛ እጁ ወደ ድንጋዩ አወረደው።

አልሙኒየም ቀላል ነው፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ግን ለስላሳ ስለሆነ ሹል ድንጋይ ይነክሰዋል፣ መኪናውም ከመንሸራተት ይልቅ ይያዛል። ብረት ይጫጫራል እንጂ ይንሸራተታል። ከሁሉም የሚንሸራተተው ጠንካራው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ጭስ ማውጫው አጠገብ ግን ሙቀቱን አይችልም። ድንጋይ ለድንጋይ ለሚሄድ ሰው ከሞተሩ ስር ብረት፣ ወደ ኋላ አልሙኒየም ቢያደርግ እላለሁ። አቧራማና ጠጠራማ መንገድ ላይ ብቻ ለሚውል ሰው አልሙኒየሙ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ላሜራው፣ ማለትም መከላከያው፣ መታሰር ያለበት ሻንሲው ላይ ነው፤ መኪናውን የተሸከመው ዋናው የብረት አጽም ማለት ነው። ካምቢዮው ላይ ወይም ሞተሩ ላይ የታሰረ መከላከያ የምቱን ጉልበት ልንጠብቀው ወዳሰብነው ዕቃ ይወስደዋል። ሻንሲ የሌላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሞተሩን የተሸከመው የታች ፍሬም ይፈለጋል። ሌላው ክፍተት ነው። ላሜራ ሲመታ ወደ ላይ ይታጠፋል። ካርተሩን ተጠግቶ ከተገጠመ ራሱ መዶሻ ይሆንበታል። ቢያንስ የ2 ሳንቲም ያህል ክፍተት ተዉለት። የብሎኖቹ ጭንቅላት ወደ ውስጥ ይስጠም። ወጣ ብሎ የቀረ ብሎን ድንጋይ ይይዛል፣ ይላጫል፣ ከዚያ መፍቻ አያገኝም። የላሜራዎቹ አደራረብም እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፦ የፊተኛው የኋላ ጠርዝ የኋለኛውን ይሸፍን። ወደ ኋላ ስትነዱ ግን ጠርዙ ድንጋዩን ሊይዝ ይችላል፤ ቀስ በሉ።

ዘይት ሲቀየር ሁሉንም መፍታት ሰልችቶት ላሜራውን ጋራዥ ትቶት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ለታፖውና ለፊልትሮው ቀዳዳ ያለውን ምረጡ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የሚታፈነውን ነው። ደረቅ ሳር ውስጥ ነድታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ላሜራውን ፍቱት። እፍኝ ሙሉ ሳር፣ ዘርና ጭራሮ ተጠቅጥቆ ታገኛላችሁ። ጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ አንዳንዱም ጠቁሯል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። ሳሩ ለመያያዝ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። መኪና እንዲህ ተቃጥሎ ያውቃል፣ ወደፊትም ይቃጠላል። ስለዚህ ሳር በበዛበት መንገድ እየቆማችሁ ስሩን እዩ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ «ከፊት ያለው መኪና ይሆናል» ብላችሁ አትለፉት። ጭቃም እንዲሁ ነው፦ ክብደት ይጨምራል፣ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል፣ ለካምቢዮው የሚደርሰውን ንፋስ ይዘጋል። መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው ላሜራ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ላሜራ ስላስገጠመ ብቻ ዘራፍ ይላል። እንደ ላንድክሩዘር 70 ያለ፣ የፊት አክሰሉ አንድ ወጥ የሆነ መኪና አክሰሉ ላይ ያለው፣ ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ከላሜራው ዝቅ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። የሞተር ጋሻ እሱን አይደርስለትም። ትልቅ ድንጋይ ሲያጋጥም ጎማውን ድንጋዩ ላይ አውጡት፤ በጎማዎቹ መሃል አሳልፋለሁ አትበሉ። ካልታያችሁ አንድ ሰው ወርዶ ይምራችሁ።

አዲስ ላሜራ ካስገጠማችሁ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ ይላላሉ። ኃይለኛ ምት ከሰማችሁ ቁሙና የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እዩ። ላሜራው ላይ ክሪክ አታስገቡ። ስር ስትገቡ ደግሞ መኪናውን በክሪክ ብቻ አትመኑት፤ መደገፊያ ይኑር።

ከዕረፍት በኋላ ውጭ የቆሙትን መኪኖች ስራቸው ገብተን አንድ በአንድ እናያለን። ባትሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።