ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት፦ ስለ ታሪካዊ ቀኖች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ «ዛሬ በታሪክ» ላይ የአድማጮችን ጥያቄ እመልሳለሁ። 31 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የሚደውሉልኝም አብዛኞቹ እንደኔ ከከተማው ዳር ያሉ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ስላልበቃን በችኮላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልሳቸው።

ከሱሉልታ፣ አንድ ወጣት፦ «መምህር፣ ሚያዝያ 27 ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው ይባላል። ደግሞ የድል በዓል ነው። የቱ ነው ልክ?»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ዓመቱን ስለምንተወው ነው የሚምታታብን። የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን በቀን።

ይሄ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ንጉሡ ያኔ ጎጃም ነበሩ። እንግሊዞችም ቶሎ እንዳይገቡ አዘገዩአቸው። በመጨረሻ መግቢያቸው በዚያው በወረራው ቀን እንዲሆን ተደረገ። የመጡት በጎጃም መንገድ፣ በእናንተው በሱሉልታ ሜዳ አልፈው በእንጦጦ ወርደው ነው። ዛሬ ሚኒባሱ ተሳፋሪ የሚጭንበትን መንገድ በዚያ ዓይን እየው።

አንድ ነገር ልጨምር። በደርግ ጊዜ የድል በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር። በኋላ ነው ወደ ሚያዝያ 27 የተመለሰው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተማረ አጎትህ «የድል ቀን መጋቢት 28 ነው» ብሎ ቢከራከርህ ውሸታም አትበለው። የተማረውን ነው የሚነግርህ። ዓመቱን ጠይቀው።

ከቡራዩ፣ አንዲት መምህርት፦ «የዓድዋ ቀን በፈረንጆቹ መጽሐፍ ማርች 1 ነው። እኛ ስናከብር ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አፈርኩ።»

አትፈሪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት 23 በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ላይ ዋለ። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርጉ አለፉ። የእነሱ ሕግ በመቶ የሚያልቀውን ዓመት፣ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ያንን ቀን ይነሣዋል። እኛ ግን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፤ አንዘልም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተንሸራተተ። የካቲት 23 እስከ 2100 ድረስ ማርች 2 ይውላል። የእኛ ቀን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው የእነሱ ነው። ለልጆቹ እንደዚያ በያቸው።

ከኮዬ ፈጬ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ጋሼ፣ ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ነው የሞቱት ይላሉ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1616። እውነት ነው?»

ጎበዝ። አይደለም። ስፔን ያኔ አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ትጠቀም ነበር፣ እንግሊዝ ገና የድሮውን የዩልዮስን። በመካከላቸው የ10 ቀን ልዩነት ነበር። ሰርቫንቴስ ደግሞ የተቀበረው ነው በ23፤ የሞተው ዋዜማውን ነው ይባላል። ሩሲያም እንዲሁ ነበረች። «የጥቅምት አብዮት» የሚባለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 7 ነው የሚከበረው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ቀኑ አንድ አይሆንም። መጀመሪያ «በየትኛው አቆጣጠር?» በል።

ከለገጣፎ፣ አንዲት እናት፦ «መምህር፣ ኅዳር 12 እየደረሰ ነው። ልጆቹ ቆሻሻውን ሰብስበው በር ላይ ከምረውታል። የአማቴን የድሮ ወረቀትም በዚያው ልናስወግደው ነው። ግን የምናጥነው ለምንድን ነው ብላ ልጄ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ከክምሩ አውጪው። አሁኑኑ። ንባቡ በኋላ ይደርሳል።

አወጣሽው? እሺ።

«ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ የቀረን ልማድ ነው። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ይለዋል፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» አልነው። ኅዳር 2 ቀን 1911 በአውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አበቃ፣ መድፉ ዝም አለ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። በዚያው ወር አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። በአንድ ቤት ሁሉም ይታመማል፣ ውኃ የሚያቀብል አይገኝም። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሰው በሽታው በተበከለ አየር የመጣ መሰለው። ቆሻሻውን አቃጠለ፣ ሰፈሩን አጠነ። የዚያ መታሰቢያ ከኅዳር ሚካኤል ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ደረሰ።

እንግዲህ አስቢው። የዚያን ጊዜ ቆሻሻ ምን ነበር? ገለባ፣ ቅጠል፣ አሮጌ ቅርጫት፣ የከብት ጉድፍ። ዛሬ ልጆቹ የከመሩት ምንድን ነው? ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ አሮጌ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ። አንዳንዱ ደግሞ እሳቱ እንዲበረታ ብሎ የመኪና ጎማ ይጨምራል። ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። የሽቶና የፍሊት ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። በለገጣፎ በኩል ደግሞ በኅዳር አዲሱ ጭድ በየግቢው ይከመራል፣ ባህር ዛፉም ደርቋል። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ያ ወረርሽኝ የያዘው ሳንባ ነበር። የሞቱትን ለማሰብ ብለን የልጆቻችንን ሳንባ በጭስ እንሙላው? አይሆንም። እኔ በየዓመቱ ይሄንን እላለሁ፣ ዘንድሮም እላለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ለከርሞም እላለሁ። ግቢውን ጥረጉ። ቦዩን ክፈቱ። ቆሻሻውን ለሚያነሡት ማኅበራት አስረክቡ። ማጠን ካማራችሁ ቤት ውስጥ ዕጣን አጭሱ። ያው ዕለቱ ታሰበ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሦስት ዓመት በፊት በእኛው ብሎክ ጀርባ ኅዳር 12 ማታ እሳት ሲነድ አልፍ ነበር። ጠርዙ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር አየሁ። በእንጨት ጎተትኩት። የአንድ ዕድር መዝገብ ነበር። አንድ ጥጉ ተቃጥሎ ከስሏል፣ ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል፣ የተያያዘበት ሽቦ ዝጓል። ውስጡ ግን በእርሳስ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት መዋጮው ተመዝግቧል፦ 0.50፣ 0.50፣ 1.00። በአንዳንዱ ስም ላይ ትንሽ መስቀል አለ፤ የሞተ ሰው ነው። ከመስቀሉ ሥር ቀን አለ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ «ዓ.ም.» ጭምር። ያ ጸሐፊ ከብዙ ምሁር ይበልጣል።

የዚያ ሰፈር አርሶ አደር ዛሬ በቦታው የለም፣ በእርሻው ላይ ፎቅ ቆሟል። ማን የት ይኖር እንደነበር፣ መቼ እንደሞተ የሚመሰክረው ያ ደብተር ብቻ ሊሆን ይችላል። በከተማው ዳር ስንኖር ይሄንን መርሳት የለብንም። ቤቱ ሲፈርስ፣ ሰው ሲዛወር፣ የመጀመሪያው የሚጣለው ወረቀት ነው። የአማትሽን ወረቀት እሳት ውስጥ ብትከቺው የሚቃጠለው የልጅሽ መልስ ነው። ማንበብ ካቃተሽ ወይም የብራና ነገር ካገኘሽበት፣ ራስሽ አታጣቢው፣ በፕላስተር አትለጥፊው፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወስደሽ ባለሙያ አሳዪው። ልጅሽን ደግሞ ጭሱ ቀድሞ ይዟት እያሳላት ከሆነ እኔን አትጠይቂኝ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ከጀሞ፣ አንድ አባት፦ «የካቲት ደም ያለበት ወር ነው። ዓድዋ በየካቲት፣ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ በየካቲት፣ አብዮቱ በየካቲት። ይሄ እንዲያው ነው?»

ጋሼ፣ ወር ሰው አይገድልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሞገስ አስገዶምና አብርሃ ደቦጭ ቦምብ የጣሉት ግራዚያኒ ለድሃ ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ በሰበሰበበት ቀን ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ያዘዘና ያደረገ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ትለዋለች። የዓድዋው በየካቲት የሆነው ደግሞ በጋ ስለሆነ ነው። እህሉ ገብቷል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ጦር ይንቀሳቀሳል። በሐምሌ ማን ይዘምታል? የ1966ቱን ደግሞ የቀሰቀሰው የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ፣ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ ነው። ጥፋቱን በወሩ ላይ ብናላክክ አጥፊው ነጻ ይወጣል። ለልጆች እንዲህ አታስተምሩ፣ እባካችሁ።

ከአያት፣ አንዲት ወጣት፦ «የኒውዮርኩ ጥቃት በእኛ እንቁጣጣሽ ቀን ነበር ወይ?»

አዎ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። የቺሊው መፈንቅለ መንግሥት፣ ፒኖቼ አየንዴን የጣለበትም፣ መስከረም 1 ቀን 1966 ነው። ከዚያ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ የእኛ ንጉሥ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ግን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እንቁጣጣሽ አይደለም። ጳጉሜን 6 ስትሆን 12 ይገባል። የ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየማችን ሴፕቴምበር 12 ነበር።

ከሰንዳፋ፣ አንድ ሹፌር፦ «ሰገሌ መቼ ነው?»

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። ልጅ ኢያሱ በመስቀል ቀን፣ መስከረም 17፣ ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ሊመልሱ ዘምተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ልክ 30 ቀን ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፣ አንድ ሰው፦ «የተወለድኩት ግንቦት 20 ቀን 1983 ነው፣ ያ የታሪክ ቀን። በካርዴ ላይ 20/9/1983 ይላል። አንድ ቢሮ ወደ ፈረንጅ ሲመልሱልኝ 20/9/1991 ብለው ጻፉ። ችግር አለው?»

አለው እንጂ! ዓመቱን ብቻ ቀይረው ቀኑንና ወሩን እንዳለ ተዉት። እንደዚያ ከሆነ ሴፕቴምበር 20 ተወለድክ ማለት ነው። ትክክለኛው ሜይ 28 ቀን 1991 ነው። ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለው። «ስምንት ቀንስ፣ ስምንት ደምር» የሚለው ዘዴ ነው ሰውን የሚያጠፋው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ቀኑም ወሩም አብረው ይቀየራሉ። ራስህ በእስክሪብቶ እንዳትሰርዝ፣ እንዳትደልዝ። ሰነድ የደለዘ ሰው ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። የሕግ ባለሙያ አማክር።

ከገላን፣ አንድ ግንበኛ፦ «መሠረት ስንቆፍር የዛገ የመድፍ ጥይት የሚመስል ብረት አገኘን። የጣልያን ጊዜ ይሆን? ማጠቢያ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ፎቶ ልላክልህ?»

ፎቶ አልፈልግም። አትንኩት፣ አታጥቡት፣ አትመዝኑት፣ ለቆራሌ አትሽጡት። ከአጠገቡ ራቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ፖሊስ ጥሩ። የዛገ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ዘመኑን በኋላ እንነጋገራለን።

ከዓለም ባንክ፣ አንዲት ልጅ፦ «የአያቴ የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ‹እሑድ ጥር 12› ብቻ ነው ያለው። ዓመቱን ማወቅ ይቻላል?»

ማጥበብ ይቻላል። ጥር 12 በየዓመቱ እሑድ አይውልም፤ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም በ11 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያ ልጃቸው መቼ እንደተወለደ ካወቅሽ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን የጥር 12 እሑዶች ቆጥረሽ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ ይቀሩሻል። አያትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቂያቸው፣ ነገ አትበይ። የነገሩሽን ጀርባው ላይ ጠርዝ ጠርዙን፣ በእርሳስ፣ ሳትጫኚ ጻፊው። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።