ከኳሱ በፊት የነበረው ዴማታ፦ ለወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በሥራ ቀን፣ ልጆች አንስታችሁ፣ መንገዱን ታግላችሁ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ዴማታ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ልጄ እዚያ ስለሚማር በደስታ ነው የተቀበልኩት።

ዴማታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ቅርጫት ኳስ ነው። ማርኬል ፉልትዝና ቪክቶር ኦላዲፖ ከዚያ ወጥተው የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ገብተዋል። ይህን ልጆቻችሁ ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ከኳሱ በፊት የነበረውንና ዛሬም ያለውን ነው።

ትምህርት ቤቱን በ1946 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የቅድስት ሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ ሃያትስቪል ነው፤ ከዋሽንግተን ወጣ እንዳላችሁ ታገኙታላችሁ። ስሙን የወሰደው ከማኅበሩ መሥራች ከቅዱስ ዮሐንስ ዘማታ ነው። ማኅበሩ በ1198 እ.ኤ.አ. በሮም ሲፈቀድ ዋና ሥራው የተማረኩ ክርስቲያኖችን ገንዘብ ከፍሎ ማስለቀቅ ነበር። ደንባቸው ከገቢያቸው ሲሶውን ለምርኮኞች እንዲያውሉ ያዝዛቸው ነበር። ሮም ውስጥ ይህን የሚያሳይ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ አለ። ክርስቶስ መሃል ተቀምጦ ሁለት እስረኞችን በእጁ ይዟል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ያን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ልቤን ይነካኛል። ልጆቻችን የሚለብሱት የትምህርት ቤቱ ቀይና ሰማያዊ ቀለም በዚያው ማኅበር መስቀል ላይ ያለው ነው።

ኳሱንም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጥር 30 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ፓወር ሜሞሪያል ትምህርት ቤት 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ከዴማታ ጋር ሊጫወት መጣ። መሃል ላይ በጣም ረጅሙ ሉ አልሲንዶር ነበር፤ በኋላ ካሪም አብዱልጀባር የተባለው። የዴማታ አሠልጣኝ ሞርጋን ዉተን ልጆቹን ለዚያ ቁመት ያዘጋጃቸው ልምምድ ላይ ተከላካዩን የቴኒስ ራኬት ወደ ላይ አስይዞ፣ ከራኬቱ በላይ እንዲወረውሩ በማድረግ ነው። ዴማታ 46 ለ43 አሸነፈ።

ዉተን እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ አሠልጥኖ 1,274 ጨዋታ አሸንፏል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ለ30 ዓመታት ያህል የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾቹ በሙሉ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም ጭምር፣ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ አግኝተዋል። እሱ ራሱ ታሪክ ያስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ በትልቅ ደመወዝ ሲጠራውም እዚያው ቀረ። ወላጅ ከትምህርት ቤት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ደግሞ ሙዚቃው አለ! ስለዚህ በቂ አይወራም። የነፋስ መሣሪያ ባንድ፣ ጃዝ፣ የክር መሣሪያዎች፣ መዘምራን፣ ሁሉም አለ። ልጃችሁ ኳስ የማይወድ ከሆነ ዴማታ ለእሱ አይሆንም ብላችሁ እንዳትተዉት። ስትጎበኙ መጀመሪያ የሙዚቃ ክፍሉን ጠይቁ።

ግቢው ሰፊ አይደለም። ኖርዝ ቤተስዳ ያለውን ሌላውን የካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ ጆርጅታውን ፕረፕን ያየ ሰው፣ ያን ሁሉ ሣር ከነጎልፍ ሜዳው ያየ፣ እዚህ ሲመጣ ሊጠብበት ይችላል። ዴማታ መኖሪያ ቤቶች መሃል ነው ያለው። ሕንፃዎቹ እንደ አቅም በየጊዜው የተጨመሩ ናቸው። ኮንቮኬሽን ሴንተር የሚሉት ትልቅ አዳራሽ አለ፤ ጨዋታውም ትልልቁ ስብሰባም እዚያ ነው። በእኔ አስተያየት ጥበቱ ጥቅም አለው። መምህሩና ተማሪው በየኮሪደሩ ይገናኛሉ፣ ልጅ ተደብቆ አይውልም።

ብዙዎቻችን ኦርቶዶክስ ስለሆንን ስለ ሃይማኖት ትጠይቁኛላችሁ። ካቶሊክ ያልሆነ ልጅም ይቀበላሉ። ሆኖም የሃይማኖት ትምህርት ግዴታ ነው፤ ቅዳሴም አብሮ ይገባል። የቁርባኑን ነገር ቀድማችሁ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ለልጁም በግልጽ ንገሩት። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሌላ መፈለግ አለባችሁ፤ ዴማታ የወንዶች ብቻ ነው።

ክፍያው ይከብዳል፣ አልሸሽግም። ግን ዋጋውን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። የገንዘብ እርዳታ አለ፤ ማመልከቻው ለብቻው ስለሚሞላና ቀነ ገደብ ስላለው ሰነዳችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል እንደጀመረ መንቀሳቀስ አለባችሁ። የጉብኝት ቀን ሲኖር ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ቀን ከተማሪዎች ጋር እንዲውል ጠይቁለት። ከዚያ ማታ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ እሱ ያውራ።

ቅጽ በመሙላት ለምትቸገሩ፣ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። አብረን እንሞላዋለን።

አመሰግናለሁ።