ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሜዳው ክፍት ነበር

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ታሪክ አለ፤ እሱን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የአንድ የመንግሥት ሃይስኩል ታሪክ ነው። አሜሪካ፣ አርካንሳስ ግዛት ውስጥ ያለ፣ ሊትል ሮክ ሴንትራል የሚባል። በ1927 ሲከፈት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ያኔ ከአገሪቱ ሃይስኩሎች ሁሉ ውቡ ነው ተብሎለታል። ከዋናው በር በላይ አራት ሐውልቶች ቆመዋል፤ የየራሳቸው ስም አላቸው። ምኞት፣ ሰብእና፣ ዕድል፣ ዝግጅት። የሚማሩበት ግን ነጭ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥቁር ልጆች ደንባር የሚባል ሃይስኩል ተሠራ፣ በ400,000 ዶላር። እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው።

በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው አለ። በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች ሴንትራል ሊገቡ ተመዘገቡ። መስከረም 4 ቀን ኤልዛቤት ኤክፎርድ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ብቻዋን ሄደች። ሌሎቹ አብረው እንዲሄዱ ተነጋግረው ነበር፤ እሷ ቤት ግን ስልክ ስላልነበረ መልእክቱ አልደረሳትም። ራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። አገረ ገዥው ኦርቫል ፎበስ ያቆማቸው ወታደሮች በር ላይ መለሷት። ሕዝቡ ከኋላዋ እየተከተለ ይጮህባት ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሄዳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ዘጠኙ በመጨረሻ የገቡት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ልከው ነው።

ይሄን ያህሉን አውቅ ነበር። የማላውቀው የሜዳውን ታሪክ ነው።

የዚያን ዓመት የሴንትራል ፉትቦል ቡድን፣ ያ በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። በር ላይ ወታደር ቆሞ፣ ቡድኑ ግን በየሳምንቱ ያሸንፋል። ዘጠኙ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተነግሯቸዋል። ክፍል ገብታችሁ ትማራላችሁ፤ ስፖርት፣ መዘምራን፣ ክበብ የሚባል ነገር ግን የለም። ከመካከላቸው አንዱ ጀፈርሰን ቶማስ ቀደም ሲል በተማረበት ትምህርት ቤት ሯጭ ነበር። ሴንትራል ከገባ በኋላ አይሮጥም። ደብተሩን ይዞ በዚያ ሜዳ አጠገብ ሲያልፍ እግሩ ምን ይለው ነበር? እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

ምክንያት አለኝ። ሃይስኩል እያለሁ የ4 በ100 ዱላ ቅብብል ሯጭ ነበርኩ። ሦስተኛውን መቶ ሜትር እሮጥ ነበር። ዓመቱ አጋማሽ ላይ አንድ ልጅ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ክፍላችን ገባ። ልምምድ ላይ አራታችንንም ጥሎን ሄደ። በባዶ እግሩ ነው የምላችሁ። የውድድሩ ቀን ግን ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም። ወረቀቱ አልተሟላም ተባለ። አንድ ቀን ሄዶ የሚጠይቅለት ሰው ቢኖር የሚሟላ ወረቀት ነበር። ማንም አልጠየቀለትም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም እሱ ከገባ ከአራታችን አንዱ ይወጣል፣ የምወጣውም እኔ እንደምሆን አውቃለሁ።

አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሹራባችንን ያዘልን። የአራታችንንም፣ ጉልበቱ ላይ ደርቦ። እኛ አሸነፍን። በማግስቱ ስማችን በሚኒ ሚዲያ ተጠራ፣ ተጨበጨበ።

ወደ ሊትል ሮክ ልመለስ። ግንቦት 1958 ከዘጠኙ ብቸኛው የመጨረሻ ክፍል ተማሪ፣ ኧርነስት ግሪን፣ ተመረቀ። የምረቃው ቦታ የት መሰላችሁ? ኩዊግሊ ስታዲየም፣ ያው የፉትቦል ሜዳው። ማርቲን ሉተር ኪንግ መጥቶ ከግሪን ቤተሰብ ጋር ተቀምጧል። 600 ያህል ተመራቂ አለ። ስም ይጠራል፣ ይጨበጨባል። ስም ይጠራል፣ ይጨበጨባል። የግሪን ስም ሲጠራ ሜዳው ጭጭ አለ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮህ የነበረ ሜዳ! ልጁ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሄዶ ዲፕሎማውን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት መስከረም ፎበስ የከተማውን አራት ሃይስኩሎች በሙሉ ዘጋ። ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ማንም አይማር ነው ነገሩ። የ3,665 ተማሪዎች ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ቀረ። አስተማሪዎች ውል ስላለባቸው ባዶ ክፍል እየገቡ ይቀመጡ ነበር። ፉትቦሉ ግን አልቆመም። ተማሪ የለም፣ ደወል የለም፣ ቡድኑ ግን ይለማመዳል፣ ይጫወታል። ይሄን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የሚዘጋውንና የማይዘጋውን የመረጠ ሰው አለ ማለት ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ የተጫወቱት ልጆች ላይ ልፈርድ አይደለም። 16፣ 17 ዓመታቸው ነው። ኳስ ይወዳሉ። እኔም ሩጫ እወድ ነበር።

ዛሬ ሴንትራል ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ሆኗል፤ ተማሪዎች ግን አሁንም ይማሩበታል። የአሸናፊው ቡድን ታሪክና የዘጠኙ ታሪክ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው ያሉት። እኔ ደግሞ እስካሁን ያንን ውድድር ለሰው ሳወራ ማሸነፋችንን ብቻ ነበር የማወራው። ሹራብ የያዘልንን ልጅ ዛሬ ገና አነሳሁት።

ውድድሩ እንዳለቀ እየሮጥኩ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሹራቤን ከሥር ስቦ አወጣና አራግፎ ሰጠኝ። «ማጠፊያው ላይ ጥሩ ሮጥክ» አለኝ። ተቀብዬው ወደ ጓደኞቼ ሮጥኩ።

ስሙን ከነአባቱ አስታውሰዋለሁ። ሁለት የድሮ ክፍል ጓደኞቼን ጠይቄያለሁ፤ አንደኛው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ ብሎኛል። ነገ እደውላለሁ። ደህና ሁኑ።