አንድ ዓመት ይዛችሁ አትሩጡ

ስለ ሜዲትራኒያን ባሕር ንግድ ከደወላችሁት ጥያቄዎች ጥቂቱን እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሐዋሳ፦ በመቅዘፊያ የሚሄዱት የጦር መርከቦች ለምን ከባሕር ዳርቻ አይርቁም ነበር?

ውኃ እያለቀባቸው! በአንዲት ጠባብ መርከብ 200 ያህል ሰው ፀሐይ ላይ ሲቀዝፍ ይውላል፤ ለውኃ በርሜል የሚተርፍ ቦታ ግን የለም። በየጥቂት ቀኑ ምንጭ ያለበት ወደብ ካልገቡ ያልቃሉ። የኢጣሊያዋ የንግድ ከተማ ቬኒስ እስከ 1669 ድረስ ለቀርጤስ ደሴት ያን ያህል የተዋጋችው ለወይኗ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ለሚቀዳባቸው ወደቦቿም ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ፦ አውሮፓውያን በባሕር ወደ ሕንድ የሄዱት ኦቶማኖች በ1453 ቁስጥንጥንያን ይዘው የቅመም መንገዱን ስለዘጉ አይደለም?

ልጄ፣ ይህን በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ በየሳምንቱም ያመኛል። አንድ ዓመት ይዛችሁ አትሩጡ! እስቲ የቁንዶ በርበሬውን ጆንያ እንከተለው። ከሕንድ ተጭኖ ቀይ ባሕር ይገባል፤ በግመል ካይሮ ይደርሳል፤ በዓባይ እስክንድርያ ይወርዳል፤ የቬኒስ ነጋዴ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቁስጥንጥንያ የት አለች? በ1453 ግብፅ የሌሎች ሱልጣኖች፣ የማምሉኮች፣ ነበረች። ኦቶማኖች የያዟት በ1517 ነው፤ ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በባሕር ሕንድ ከደረሰ ከ19 ዓመት በኋላ። ደግሞስ በየጆንያው ቀረጥ የሚቀበል ሱልጣን በሩን በገዛ ኪሱ ላይ ይዘጋል? ቁስጥንጥንያ በወደቀች ዓመት ሳይሞላ ቬኒስ ከያዛት ከኦቶማኑ ሱልጣን ከዳግማዊ መሐመድ ጋር የንግድ ውል ተዋውላለች። ፖርቱጋሎች መጀመሪያ ገበያዋን ጎድተውባታል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ቁንዶ በርበሬው እንደገና እስክንድርያ ይራገፍ ነበር። ያንን መንገድ ያደረቁት ከ1600 ወዲህ የመጡት ሆላንዶችና እንግሊዞች ናቸው። ፈተና ላይ 1453 ብለህ ጻፍ ካሉህ ጻፍ፤ ለእኔ ግን አትንገረኝ።

ከደሴ፦ የመርከብ ወሸባ፣ ወረርሽኝ እንዳይገባ ለይቶ ማቆየቱ፣ ከመጀመሪያው 40 ቀን ነበር?

አልነበረም። ራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ በ1377 ስትጀምረው 30 ቀን ነበር።

ከጎንደር፣ አንዲት እናት፦ ከአያቴ የወረስኩት ጠገራ ብር 1780 ይላል። የዚያን ዘመን ነው? በሎሚና በአመድ ላጽዳው?

እማማ፣ ሎሚውን ለወጡ ያቆዩት! 1780 ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ተመትቷል። በትሪየስቴና በሌሎች የሜዲትራኒያን ወደቦች ተጭኖ፣ በቀይ ባሕር አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። እንግዲህ ዓመቱን ብቻ አይተን እንፍረድ? የቀድሞ ነጋዴ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ዕድሜውን የሚለዩትም እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ምልክቶች ነው፤ በአመድ ሲፈትጉት የሚጠፋውም ይኸው ነው። በስልክ አልፈርድም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሙዚየም ያለ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።